ድምፅ የማያሰማ ሞላ

በጋራዡ መካኒኩን «ጆሮ» እንለዋለን፤ የመኪናን ሕመም በድምፅ ይለያል። ሚስቱ ካንሰር አጥንቷ ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ ለጭነት በተሠራ ከፍ ባለ መኪናው ሆስፒታል ሲወስዳት በየጉድጓዱ ታቃስት ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ የሰው መኪና ታለሰልሳለህ፤ የኔን አጥንት ግን ትወቅጣለህ!» አለችው።

እልህ ያዘው። ከመኪናው ሥር ጠንካራውን የጭነት ሞላ ነቅሎ ለስላሳ ገጠመ፤ ጎኑ ከፍ ያለ ጎማ መረጠ፤ ንፋሱንም ቀነስ አደረገ።

ጠዋት ከኋላ ወንበር ላይ አስተኛት። «ቀስ በል» አለችው። የመጀመሪያውን ጉድጓድ አለፈ፤ ድምፅ የለም። የተቦረቦረውን አስፋልት አለፈ፤ ድምፅ የለም። «አየሽ የኔ እመቤት? እንቅልፍ ወሰደሽ!» እያለ፣ ብቻውን እየሳቀ ደረሰ።

ነርሷ በሩን ከፍታ የሴትየዋን አንገት ዳሰሰች። «አባቴ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ዝም ያሉት?»

«ከመጀመሪያው ጉድጓድ» አላት ጆሮ፣ ገና ፈገግ እንዳለ።