ሰባተኛዋ ሳጥን

በዚያ ሆስፒታል እናት አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት አልነበረም። ከበር ጠባቂው ጀምሮ እስከ ትልቁ ሐኪም ድረስ «እጠራችኋለሁ» ነበር የሚሏት። የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያች ጠባብ መስኮት ጎንበስ እያለች «ሂዱ ተቀመጡ፣ እጠራችኋለሁ» ስትል ኖራ ቃሉ ስም ሆኖ ቀረባት።

ገና ስትቀጠር እንዲህ አልነበረም። ያኔ አንድ በሽተኛ ካርዱን ከጠየቀ ሠራተኛዋ ወደ ኋላ ትገባና መደርደሪያ ለመደርደሪያ ስትዳክር፣ እስክትመለስ መስኮቱ ባዶውን ይቀራል፣ ሰልፉም ድርቅ ይላል። የአንዱ ካርድ ጠፋ ማለት የሁሉም ቀን ጠፋ ማለት ነበር። አናጢውን ለምና አሥር ትንንሽ የእንጨት ሳጥኖች ያሠራችው እሷ ናት። ለጠያቂው ቁጥር ያለባት እንጨት ትሰጠዋለች፤ ባልደረባዋ ከኋላ ካርዱን ስታገኘው በዚያው ቁጥር ሳጥን ውስጥ ታስገባዋለች፤ እሷም ትጣራለች። እስከዚያ ሌላውን ታስተናግዳለች። ሰልፉ እንደ ውሃ ይፈስ ጀመር።

አንድ ቀን ብቻ ተሳሳተች። ሰባት ቁጥር የደረሰው ሰውዬ መጠበቅ ሰልችቶት እንጨቷን መስኮቱ ላይ ጥሎ ወጣ። እሷም ቦታው የተለቀቀ መስሏት ሰባትን ለአንድ ግንበኛ ሰጠችው። የሰውዬው ካርድ ግን ከኋላ ገና እየተፈለገ ነበርና፣ ተገኘና ሰባተኛዋ ሳጥን ውስጥ ገባ። «ሰባት!» ብላ ተጣራች። ግንበኛው የሌላ ሰው በሽታ ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ ገባ። በማይሆነው መድኃኒት ሦስት ቀን ራሱን ሳያውቅ ተኛ። ተረፈ፣ ተመስገን። እሷ ግን የተጠየቀው ካርድ እጇ ሳይገባ ሳጥኑን ለሌላ የሰጠችበት ቀን ከዚያ ወዲህ የለም።

ዓመታት ሄዱ፤ ኮምፒውተር መጣ። ካርዶቹ አንድ በአንድ ፎቶ ተነስተው ማሽኑ ውስጥ ገቡ። ፕሮግራሙን የጻፈችው ደግሞ ሌላ ሰው ሳትሆን የእህቷ ልጅ ናት፤ በእጇ ያሳደገቻት። መጀመሪያ ላይ ሐኪሞቹ ወፍራም ፋይል ሲከፍቱ ኮምፒውተሩ ፈዝዞ ይቀር ነበር። ልጅቷ ስታሻሽለው ሰነበተችና አንድ ቀን አስረዳቻት።

«አየሽ አክስቴ፣ ፋይሎቹ ያሉበትን የሚያውቀው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው የኮምፒውተሩ ዋና አስተዳዳሪ ነው። ፕሮግራሜ ራሱ ገብቶ አያነብም፣ እሱን ጠርቶ ያስነብባል። እስካሁን ‹አንብብልኝ› ይለውና በሩ ላይ ተገትሮ ይጠብቀው ነበር። አሁን ጥሪውን ቀየርኩት። ‹ይሄን ፋይል አንብበህ እዚህ ቦታ ላይ አስቀምጥልኝ፣ ስትጨርስ ጥራኝ› ይለውና ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል።»

«እንዴ! ታዲያ ይሄ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«አንቺ ነሻ! ጉልበቱን የማያመው አንቺ።»

ሁለቱም ሳቁ። አዲሱ ፕሮግራም ሰኞ ሥራ ጀመረ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አክስትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ ከላይ፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ለአንዲት ልብስ ሰፊ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት መሆኑ ተነገረ። ሐኪሙ ፋይሏን እዚያው ከፈተ። ያው ገጽ እዚህም እነሱ ፊት ባለው ኮምፒውተር ላይ ታየ። ስሟ ከላይ በትክክል ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ «የማይስማማ መድኃኒት፦ የለም» ይላል።

አክስትየዋ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች።

«ይሄ የሷ አይደለም።»

«ስሟ እኮ ላዩ ላይ አለ።»

«ስሙን ተይው። ቀዩ ጽሑፍ የታለ? ፔኒሲሊን ተወግታ ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት በቃሬዛ የመጣች ዕለት በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ዘግታ መልሳ ከፈተችው። ቀዩ ጽሑፍ ድንገት ቦግ ብሎ ታየ። ከስህተቱ ይልቅ ያስፈራው መስተካከሉ ነበር።

«ስሚኝ» አለች አክስትየዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «እዚህ አስቀምጥልኝ የምትዪው ቦታ ስንት ነው?»

«አንድ።»

«የመጀመሪያው ፋይል ሳይደርስ ያንኑ ቦታ ለሁለተኛው ሰጠሽው?»

የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ። «ከሷ በፊት የአንድ ሽማግሌ ወፍራም ፋይል ተጠይቆ፣ ሳይደርስ ተዘግቶ ነበር… ዘግይቶ መጥቶ እሷ ላይ አረፈ፤ ስሙ ብቻ ከጥያቄው ስለሚጻፍ የሷ ሆኖ ቀረ። ሐኪሙም ያየው ይሄንኑ ነው!»

«ሰባተኛዋ ሳጥን» አለች አክስትየዋ፣ ለራሷ።

ስልክ ደወሉ፤ የሚያነሳ የለም። «አንቺ ፕሮግራሙን ዝጊው፣ ሌላ ሰው እንዳይሳሳትበት!» አለችና ወደ ኋላ ገባች። የወረቀቱን ካርድ በዳበሳ ከመደርደሪያው መዘዘችው። ከዚያ ደረጃውን ተያያዘችው። ሦስት ፎቅ። ጉልበቷ እንደ አሮጌ በር እየተንቋቋ፣ ካርዱን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ሰው እየገፋች።

ነርሷ በሩ ላይ ተቀበለቻት። «እጠራችኋለሁ! ምን እግር ጣለሽ?»

«ፔኒሲሊን ሰጣችኋት?»

«ተቀድቷል፣ ልንሰጣት ነው።»

«እንዳትሰጧት! ፋይሉ የሰው ነው። ይኸው የሷ!»

«ሐኪሙ ታጥቦ ገብቷል እኮ። ካርዱን ተይልኝ፣ ሂጂና ተቀመጪ፣ እጠራሻለሁ።»

ያን ቃል ስትሰማ ሴትየዋ ክው አለች።

«አልሄድም። አልቀመጥምም። መልሱን ይዘሽ እስክትመጪ ከዚህች በር ንቅንቅ አልልም።»

ነርሷ ካርዱን ነጥቃ ገባች። በሩ ተዘጋ። ከውስጥ የብረት ዕቃ ሲጋጭ ተሰማ፣ ከዚያ ምንም። የግንበኛው ፊት መጣባት፤ ያኔ በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ሲገልጥ። በሩን በመዳፏ ደግፋ ቆመች። ሕይወቷን ሙሉ ሰው አስጠብቃ፣ መጠበቅ ይሄን ያህል እንደሚከብድ አታውቅም ነበር።

በሩ ተከፈተ። ነርሷ የሞላውን መርፌ ክዳኑ እንደተገጠመበት በእጇ ይዛለች።

«ሳንወጋት ደረስሽ። ሐኪሙ ሌላ አዟል።»

ያኔ ነው ከበሩ ዞር ያለችው።

ወደ ታች ስትመለስ ልጅቷ ዓይኗ ቀልቶ ጠበቀቻት። «ዘግቼዋለሁ አክስቴ። ለእያንዳንዱ የየራሱን ቦታ እሰጠዋለሁ፤ ‹ጨረስኩ› ብሎ ሳይጠራኝ ቦታውን ለማንም አልለቅም።»

አክስትየዋ አልተቆጣችም። ከመሳቢያዋ ጥግ አንዲት ጠርዟ ያለቀ እንጨት አወጣች፤ ሰባት ይላል። ከልጅቷ ፊት አኖረችው። «ይቺን እያየሽ ጻፊ።»

መስኮቱ ተንኳኳ። ሰልፉ እስከ ግቢው በር ደርሷል። «እኛስ?» አለ አንድ ጎልማሳ፤ «ሄደን እንቀመጥ ወይስ ምን?»

«ዛሬስ ቁሙልኝ» አለችና የመጀመሪያውን ካርድ ልትፈልግ ወደ መደርደሪያው ገባች።