በራዲዮ የመጣ መርዶ

ታላቅ ወንድሜ የማይጽፈው ነገር አልነበረም። ልብ ወለዱ፣ የራዲዮ ድራማው፣ የዘፈን ግጥሙ፣ የበዓል ቀልዱ፣ የሳሙና ማስታወቂያው ሁሉ ከእሱ እጅ ይወጣ ነበር። ሹሞች ለማዳበሪያ ቅስቀሳ ግጥም ሲፈልጉ ይጽፍላቸዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ በማዳበሪያ የተማረረ ገበሬ የሚያሳይ ቲያትር ያወጣል። ለሁለቱም ይጨበጨብለታል። ዘመሮ ገበያ በግ ሊሸጡ የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ «የደራሲው እኅት» እያሉ ይጠቁሙኝ ነበር፤ ያኔ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ስሙ ሲነሳ ፊቴን አዞራለሁ።

ታናሻችን ወታደር ነበር። በድንበሩ ጦርነት ጊዜ ግንባር ሄደና እዚያው ቀረ። መሞቱን ቀድሞ የሰማው አዲስ አበባ ያለው ደራሲው ነው፤ አብሮት የዘመተ ጓደኛው ቤቱ ድረስ ሄዶ ነገረው። እሱም እኔ ወደማስተምርበት፣ ከእማዬ መንደር ቅርብ ወዳለው ወደ ዘመሮ ስልክ ደውሎ፣ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት፤ በወጉ ትረዳ» አለኝ።

በእኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ሞት እንደ ገበያ ወሬ አይነገርም። ጾምና በዓል ከሆነ እስኪያልፍ ይጠበቃል፤ ከዚያ የነፍስ አባት፣ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ደጅ ይቆማል። ንፍሮው ጎረቤት ቤት በድብቅ ይቀቀላል። ስትወድቅ የሚደግፋት ክንድ ሳይዘጋጅ ለእናት አፍ አይከፈትም። ጊዜው ሁዳዴ ነበርና ከነፍስ አባታችን ጋር ተማክረን ለዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ቀጠርን። መንደሩ ሁሉ አወቀ፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። እሷ ፊት ስንስቅ፣ ጓሮ ዞረን ስናለቅስ ከረምን።

ለፋሲካ ደራሲው በራዲዮ የበዓል ዝግጅት ላይ እንደሚቀርብ አስቀድሞ ልኮ አስነገራት። እማዬ ጎረቤቱን ጠራች። ከበግ ጠጉር የተሠራውን ባናዋን መደቡ ላይ አነጠፈችና ራዲዮኑን እላዩ አስቀመጠችው፣ እንግዳ እንደማስቀመጥ። ድምፁን ስትሰማ እልል አለች። ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ገብስ እሸቱ አወራ፤ አሳቀን። ከዚያ ጋዜጠኛው አዲስ ግጥም ይኖረው እንደሆነ ጠየቀው።

«አለኝ» አለ። «ግንባር ለወደቀው ታናሽ ወንድሜ የጻፍኩት።»

ጎረቤታችን ልትዘጋው ተስፈንጥራ እጇን ሰደደች። እማዬ ክንዷን ያዘቻት።

«ተይው እንጂ! ልጄ እያወራ አይደል?»

ገና አልገባትም ነበር። ግጥሙ ቀጠለ፤ ከሥሩ ዋሽንት ይነፋለታል። መሃሉ ላይ የታናሻችንን የቤት ስም ጠራ፤ ራሷ ያወጣችለትን። የእማዬ እጅ ከጎረቤቷ ክንድ ላይ ተንሸራተተ። የተዘጋጀ ደጋፊ አልነበረም፤ ከመደቡ መሬት ላይ ወደቀች። ራዲዮኑ ውስጥ ይጨበጨባል።

መሬት ላይ የተዘረጋች እናት፣ ያልተነካ ዶሮ ወጥ፣ ከዚያ ጭብጨባ። ያን ቀን ወንድሜን ጠላሁት።

በሦስተኛው ቀን ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ። ለቀስተኛው ግጥሙን ያወድስለታል፤ እሱም አንገቱን ሰበር እያደረገ ምስጋናውን ይቀበላል። በር ላይ ያዝኩት።

«ምነው ወንድም ጋሼ? በወጉ ትረዳ ያልከው አንተ አይደለህም?»

«ምን ላድርግ? ዝግጅቱ የፋሲካ ነው» አለኝ። «ሳምንት ካለፈው ግጥሙ ይቀዘቅዛል።»

ይቀዘቅዛል! ወጥ አደረገው፤ ወንድማችንን።

እማዬ ከወደቀችበት ከተነሳች ጀምሮ ንፍሮ አልቀመሰችም፤ አላለቀሰችም። ሲገባ ቀና ብላ አየችው።

«ውጣ» አለችው። «ውጣና ነገ ጎህ ሲቀድ ከአባ ጋር ና። ደጄ ላይ ቁም። እኔ ገና አልተረዳሁም። ወንድምህን አንተው አርዳኝ።»

በማግስቱ ብርዱ አጥንት ሲሰብር ደጅ ቆምን። እማዬ በሯን ከፍታ ጠበቀች። የነፍስ አባታችን ወደ እሱ ዞረው «በል ልጄ» አሉት። አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ እጁ ወደ ኮቱ ኪስ ገባ፤ ወረቀት ሊያወጣ ነው። አባ በመቋሚያቸው ክንዱን መለሱበት። ያን ሁሉ ሲጽፍ የኖረ ሰው ለእናቱ አንዲት ቃል አጣ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

በመጨረሻ የተናገሩት አባ ናቸው። «ልጅሽን እግዚአብሔር ወስዶታል» አሏት፤ ሌላ አልጨመሩም። እማዬ ያኔ ጮኸች። እኔና ጎረቤታችን ደገፍናት። እሱ አጥሩን ተደግፎ መነጽሩን ይጠርግ ነበር።

በዓመቱ አዲስ ልብ ወለድ አወጣ፤ እንደ ልማዱ ተቸበቸበ። እማዬ «አንብቢልኝ» አለችኝ። ብዙ እምቢ ብዬ በኋላ አነበብኩላት። መሃሉ ላይ አንድ ወንድ ልጅ ጎህ ሲቀድ እናቱ ደጅ ቆሞ የወንድሙን ሞት ያረዳል። ቃሉ ማር ነው። ስትወድቅ በክንዱ ይቀበላታል፤ እሷም ግንባሩን ትስመዋለች። እስከዚያ አንብቤ መጽሐፉን ዘጋሁት።

እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ታድላ!» አለች። «የማን ልጅ ይሆን?»