በአባቴ ቤት እንግዳ የሆንሁበት ክረምት

ጎህ ሲቀድ ከባሕር ዳር ልወጣ፣ ማታውን አባባ መቀስ አስሞርጂ ብለው ላኩኝ። ሻንጣዬ በር ሥር ቆሟል፣ እናቴ አላህ ይዘንላትና ዓይኗ በልቅሶ አብጧል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሊሰናበተኝ መጥቶ ሻይ እየጠጣ ነው። እሳቸው ከሱቅ ገብተው የጨርቅ መቁረጫውን መቀስ በጋዜጣ ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩና «ቶሎ ነይ፣ ሰውዬው ሳይዘጋ» አሉኝ። እናቴ አገር ለቃ የምትሄድ ልጅ እንዴት ትላካለች ብላ ተቆጣች። አባባ አልመለሱላትም። እኔም ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ፣ አስሞርጄ ተመለስሁ፣ በማግስቱ አገሬን ለቀቅሁ። ያን ማታ ነገሩን ከቁም ነገርም አልቆጠርሁት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገዴን የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። ቤይሩት የሰው ቤት ሠራተኛ ሆንሁ። እዚያ ካገኘሁት ከባለቤቴ ጋር ተጋባን፤ እሱ ቀድሞ ኖርዌይ ገባና እኔን አስመጣኝ። አሁን የምኖረው ቤርገን በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው፤ ሥራዬ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነው። ቤርገን ዝናብ አያጣትም። መጀመሪያ ስደርስ ይህማ የባሕር ዳር ክረምት ነው ብዬ ተጽናንቼ ነበር፤ ኋላ ግን ገባኝ። የእኛ ዝናብ ይቆጣል፣ ይጮኻል፣ ቆርቆሮውን ይደበድብና ሲወጣለት ፀሐይ ያወጣል። የእነሱ ግን እንዳኮረፈ ሰው ድምፁን ሳያሰማ ቀኑን ሙሉ ይወርዳል። ከዚያ ሁሉ ወር ውስጥ ሰማዩ የሚከፈትላቸውን ጥቂት ጊዜ ሶመር ይሉታል። ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱም ቢሮውም ይዘጋል፤ ሰው ሁሉ ፌሪየ ወጣ ይባላል፣ ዕረፍት ማለታቸው ነው።

ስለ እንግዳ ያላቸውን ሐሳብ የነገረኝ የመጀመሪያው አከራያችን ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቤቱን ሲያስረክበን ግን እንግዳ ከሁለት ሳምንት በላይ ማደር እንደማይችል አስጠነቀቀን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ምን ይሆናል አልሁት። «ተከራይ ይሆናል» አለኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል። እኛ አገር እንግዳ መቼ ትሄዳለህ ተብሎ አይጠየቅም ብዬ ነገርሁት። «ታዲያ እንዴት ነው የሚሄደው?» አለኝ።

አገር ቤት ለመምጣት ፈቃድ የማገኘው በሶመር ብቻ ነው። ሶመር ደግሞ ለእናንተ ሐምሌ ነው። ሐምሌ እመጣለሁ ብዬ ስደውል ታናሽ እህቴ ፎዚያ በጭቃው ምን ልታዪ ነው የምትመጪ አለችኝ። ቅዳሜ ገበያ ያለውን የጨርቅ ሱቅ ከአባባ ጋር የምትሠራው እሷ ናት። አባባ ግን ስልኩን ተቀብለው «ትምጣ፤ የማሳያት አላጣም» አሉ። ያን ጊዜ ደስ አለኝ። ምን እያሰቡ እንደሆነ አላወቅሁም።

አዲስ አበባ አውሮፕላን ጣቢያ ያለው ልጅ የኖርዌይ ፓስፖርቴን አገላብጦ ለምን ጉዳይ እንደመጣሁ ጠየቀኝ። አባቴ ጋ አልሁት። የት ሆቴል እንደማርፍ ጠየቀኝ። አባቴ ቤት አልሁት። «እንግዲያው ጉብኝት ነው» ብሎ ማኅተሙን መታው። ስቄ አለፍሁ። ቤት ስደርስ ግን የአባቴም ማኅተም ያው ሆኖ ቆየኝ።

አባባ አልጋቸውን ለቀውልኛል። አዲስ አንሶላ ተነጥፏል፣ የእናቴ የሠርግ ብርጭቆ ከቁም ሣጥን ወጥቷል። ሳህን ላነሳ ስል ፎዚያ ከእጄ ትነጥቀኛለች፤ እንዲያ እንድታደርግ በአባባ ታዝዛለች። ቁርስ ላይ አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው የየቀኑን መርሐ ግብር ነገሩኝ። ዛሬ ጢስ ዓባይ፣ ከነገ ወዲያ ጣና ላይ በጀልባ፣ ከዚያ ወንዛዬ ፍል ውሃ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ሆቴል በር ላይ የሚቆሙትን አስጎብኚዎች ከውጭ የመጣ ሰው ምን ማየት ይወዳል ብለው ሲጠይቁ ነበር የከረሙት። እሳቸው ራሳቸው ከሱቅ ወደ መስጊድ፣ ከመስጊድ ወደ ቤት ሲሉ ነው ዕድሜያቸው የሄደው። ጣና ዳር ኖረው ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ጢስ ዓባይንም ያዩት በሰው ቤት ግድግዳ ላይ ነው።

ሄድን እንግዲህ። ጢስ ዓባይ በሐምሌ ሌላ ነው፤ ውሃው ቀልቷል፣ ሞልቷል፣ ከሩቅ ጀምሮ ምድሩን ያንቀጠቅጣል። አባባ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ በአንድ እጃቸው ጃንጥላ በአንድ እጃቸው እኔን ይዘው በዚያ አንሸራታች ጭቃ ወጡ። ፏፏቴውን ሲያዩ «ሱብሃነላህ» ብለው ቆመው ቀሩ። ፍንጣሪው ጢማቸውን አረጠበው። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ቱሪስት ሆኑ። መንገድ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ስንገዛ ሴትዮዋ ማን እንደሆንሁ ብትጠይቃቸው «እንግዳዬ ናት፣ ከውጭ ነው የመጣች» አሏት።

ጀልባው ላይም እንዲሁ። ማዕበል ሳይነሳ በጧት ነው የወጣነው። አባባ መቀመጫውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ከንፈራቸው ቁርዓን እየቀራ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አያነሱም፤ ደስ ብሎኝ እንደሆነ ማየታቸው ነው። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ስፍራ ስንደርስ ጉማሬ ራሱን ብቅ አደረገ። አባባ ጀልባ ነጂውን «ለእንግዳዬ ቀረብ አድርግላት» አሉት፣ እሳቸው ግን ወደ ኋላ ሸሹ። ሳቅሁ፣ ሳቁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ሆኖም እንግዳዬ ባሉ ቁጥር አንድ ነገር ውስጤን ይቆነጥጠዋል። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። እኔ ብረት የምሆንበትን ቀን ብጠብቅ ብጠብቅ ወርቅ እንደሆንሁ ቀረሁ።

አንድ ቀን ልብስ ስታጥብ ከፎዚያ አጠገብ ቁጭ ብዬ ተናዘዝሁላት። ለአንቺ ሂጂ፣ አምጪ፣ የት ቆየሽ ይሉሻል፤ ለእኔ ግን እባክሽ፣ ይመችሻል ወይ ነው፤ በዚህ ቤት ልጅነቴ አብቅቷል ወይ አልኋት።

«አንቺ ናፈቀሽ እንጂ እኔ መላኩ ሰልችቶኛል» አለች መጀመሪያ። ከዚያ እጇን ከአረፋው አወጣች። «ፈርተው እኮ ነው ሰዓዳ። የጎረቤታችን ልጅ ከጀርመን መጥቶ ሳምንት ሳይሞላው ሰለቸኝ ብሎ አዲስ አበባ ሆቴል ገባ። ከዚያ ወዲህ አባቱን ለማየት አልተመለሰም። አባባ ከያን ጊዜ ጀምሮ፣ ልጄ ስትመጣ ከሰለቻት አትመለስም ይላሉ።»

አባቴ በዚያ ዕድሜያቸው ጭቃ የረገጡት፣ ጉማሬ የተጋፈጡት ዳግመኛ እንድመጣላቸው ነው። እኔ ደግሞ ዳግመኛ ለመምጣት ስል አንድ ጊዜ ብቻ ቢቆጡኝ እመኝ ነበር። ልንገራቸው ፈለግሁ፣ ግን አባትን ቸርነትህ በዛብኝ ብሎ መውቀስ ከየት ይመጣል?

የወንዛዬ ቀን ደረሰ። አባባ በእኔ ሰበብ ለጉልበታቸውም መድኃኒት ያገኛሉና ይህን ጉዞ ወደውት ነበር። በዚህ ዘመን ከከተማ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ መንገዱን ይጠይቃል፤ በኪራይ መኪና ሲያመላልሰን የነበረው ሾፌር ሙላት ጧት ደውሎ ጉማራ ወንዝ ሞልቷል፣ መኪና አያሳልፍም አለ። አባባ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ አዩኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ድንጋጤ ነው፤ ለዚያ ቀን የሚያሳዩኝ አልቀራቸውም። ፎዚያ ወሬታ አማቶቿ ዘንድ ሄዳለች፣ ሱቁ ተዘግቷል። ይቅርታ ሊሉኝ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ሱቅ እንሂድ አልኋቸው። እዚያ ምን አለ ብለሽ ነው እያሉ፣ እየከፋቸው ከፈቱ።

ዝናቡ ወረደ፣ ሰው ለመጠለል ገባ፣ ለመጠለል የገባው መግዛት ጀመረ። ከዚያ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ልብስ ሰፊ መጣና ቸኩያለሁ አለ። አባባ ጣቃውን ዘረጉ፣ ለኩ፣ መቀሱን አስገቡ። መቀሱ ጨርቁን ከመቁረጥ ያኝከው ጀመር። ሁለት ጊዜ ሞከሩ። ሰፊው አጉረመረመ። አባባ ቀና ሳይሉ፣ መቀሱን ወደ ኋላቸው ዘርግተው፣ «ሰዓዳ፣ ሂጂ ይህን አስሞርጂ። ቶሎ ነይ፣ ሰውዬው ሳይዘጋ» አሉ።

እንግዳቸው መሆኔን እንዳያስታውሱ ብዬ ከእጃቸው ነጥቄ ሮጥሁ።

ያ ሞራጅ ከድሮ ቦታው የለም። በርበሬ ተራው መሐል ገባሁ፣ ከማላውቀው መተላለፊያ ወጣሁ፣ ጭቃው አንድ እግር ጫማዬን አስቀረው። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ጫማዬን አውጥታ እየሳቀች ሞራጁ ከመስጊዱ ጀርባ መሄዱን ነገረችኝ። አስሞርጄ፣ ከራሴ እስከ እግሬ ረጥቤ ተመለስሁ።

«የት ቆየሽ?» አሉ አባባ። «መቀስ ነው ያስሞረድሽ ወይስ አዲስ አስቀጠቀጥሽ?»

ሰፊው ሳቀና ይቺ ደግሞ ማን ናት አላቸው።

«ልጄ ናት» አሉ፣ ጨርቁን እየቆረጡ። «ስትላክ መቆየት ድሮም አመሏ ነው።»

ወደ አቡጀዲው ዞሬ አለቀስሁ። እንኳን ጉማራ ሞላ፣ እንኳን መቀሱ ደነዘ፣ አልሃምዱሊላህ። ከዚያ ወዲያ ወንዛዬም ሌላውም አልተነሳ። የቀሩኝን ቀናት ጣቃ ሳወርድና ሳወጣ፣ ስላክና ስቆይ ከረምሁ። አንድ ጧት የተጠበሰ የቀረሶ ዓሣ ገዝተሽ ነይ ብለው ልከውኝ አምባዛ ይዤ ብመጣ፣ ዓሣ መለየትም ጠፋብሽ ብለው እስከ ምሳ ድረስ አጉረመረሙብኝ። እናንተ በየቀኑ የምትላኩ ምን ዓይነት ሀብት እጃችሁ ላይ እንዳለ አታውቁትም።

ቤርገን ከተመለስሁ በኋላ በየሳምንቱ እደውላለሁ። ድሮ ምን ልላክልዎት ስላቸው መልሳቸው አንድ ነበር፤ ምንም አልሻ፣ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ። ባለፈው ግን ሰላምታችንን ሳንጨርስ «ያ መቀስ አልሆነም። ሞረድም አልያዘው አለ» አሉኝ። ከዚያ እንደ ዋዛ አከሉበት፤ «በዚያ አገር ደህና የጨርቅ መቀስ አይጠፋም።»

አይጠፋም አባባ፣ ነገውኑ ገዝቼ ወደዚያ ለሚመጣ ሰው እሰጥልዎታለሁ አልኋቸው።

«ለሰው አትስጪው» አሉ። «ራስሽ ይዘሽው ነይ። ደግሞ እንዳትቆዪ።»

ገዝቼዋለሁ፤ አልጋዬ አጠገብ መሳቢያ ውስጥ ነው። ውጭ ያ ድምፅ የሌለው ዝናብ ይወርዳል፤ ሶመር ገና ነው።