የአጥሩ ዳር ሽምብራ

ባለፈው ሳምንት ደሴ መናኸሪያ ደጃፍ ላይ አንዲት ሴት እሸት ሽምብራ በእስር በእስር እያደረገች ትሸጥ ነበር። አንዱን እስር ገዝቼ መኪናው እስኪሞላ ስፈለፍል ሳላስበው ጣቴን ላስሁት። ያ ኮምጣጣ፣ ጨው ጨው የሚል ነገር ምላሴን ሲነካው የመካነ ሰላሙ ጓሯችን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ሽምብራ አብቅለህ የማታውቅ እንደሆነ ልንገርህ፤ ኮምጣጣው ከፍሬው አይደለም፣ ከቅጠሉ ነው። ጠዋት ጤዛ ሲይዘው የተሰነጠቀ እጅ ያቃጥላል።

ያኔ አባቴ ለሥራ አጅባር ተዛውሮ ስለነበር ቤት ውስጥ እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። ከጭራሮው አጥር ወዲያ እትዬ ነበሩ። እትዬ የምላቸው ጎረቤታችንን ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የምገባው እሳቸው ቤት ነበር፤ ምሳዬን እዚያ እበላለሁ፣ እዚያው አጠናለሁ፣ ብዙ ጊዜም እንቅልፍ ይዞኝ እዚያው አድራለሁ። እሳቸው መስጊድ፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ እንጂ እኔን በመቆጣት አንድ ነበሩ።

መስከረም አልፎ ዝናቡ ሲያበቃ እናቴ በጓሮው ጥቁር አፈር ላይ ሽምብራ ዘራች። የእትዬ ዶሮ በአጥሩ ሥር እየሾለከች ዘሩን መጫር ጀመረች። እናቴ ሁለት ሦስቴ "ዶሮሽን ያዥልኝ" ብላ ተናገረች፤ በመጨረሻ ለማስደንገጥ ድንጋይ ወረወረች። የእናቴ እጅ ኢላማ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ውሻ ላይ ስትወረውር በሩን ነው የምትመታው። ያን ቀን ግን አገኘቻት። ዶሮዋ ቢላ ሳይነካት ሞተች፤ ሳይታረድ የሞተ ደግሞ ለእትዬም ለእኛም በክት ነው። እንቁላል ጣይ ነበረች። እትዬ በክንፏ አንጠልጥለው አዩንና "በይ እንግዲህ ከሽምብራሽ ጋር ኑሪ" ብለው ገቡ። ከዚያ በኋላ ቃል አልተለዋወጡም።

እኔም እትዬ ቤት መሄድ ተከለከልሁ። "ቂመኛ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?" አለች እናቴ፣ ቂመኛዋ ማን እንደሆነች ሳትለይ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በራቸውን እያየሁ አልፍ ነበር። ሽማግሌ እንዳይላክ፣ ለዶሮ ሽማግሌ የላከ ሰው መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ በምን ፊቱ ይታያል?

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሽምብራው እሸት ሆነ። ከአጥሩ ዳር ካለው መደዳ ልቀጥፍ ስል እናቴ እጄን መታችኝ።

"የአጥሩ ዳር አይነካም።"

"ለማን ነው?"

"ለመንገደኛ።"

ከጓሯችን ኋላ መንገድ የለም። ያለው የእትዬ ጓሮ ነው።

በእኛ አገር የሰው እሸት ሳይጠይቅ የሚዘግን ወይ መንገደኛ ነው፣ ወይ የቤት ሰው። እናቴ በሳህን አድርጋ እንዳትልክ "የዶሮዬ ካሳ መሆኑ ነው?" እንዳይሏት ፈራች። ስለዚህ መደዳውን ተወችውና ጠበቀች። እኔም ጠበቅሁ። ጠዋት ጠዋት ወጥቼ ተነክቶ እንደሆነ አያለሁ፤ ማንም አልነካውም። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያም ደረቀ። እሸትነቱ አለፈ ማለት እርቁም ለከርሞ ተላለፈ ማለት ነበር።

የነቀላው ጊዜ ደረሰ። ሽምብራ የሚነቀለው ጤዛው ሳይነሣ ነው፤ ፀሐይ ካገኘው ፍሬው ይረግፋል። እናቴና እኔ ሌላውን ሁሉ ነቅለን ስንጨርስ፣ ወገቧን ይዛ ያን አንድ መደዳ አየችውና "ነገ እሱንም እንነቅለዋለን" አለች። ተስፋ እንደቆረጠች ከድምፅዋ ገባኝ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጭራሮው ሲንኮሻኮሽ ሰማን። በሩን ገርበብ አድርገን ብናይ፣ የብር አምባር ያሰረ እጅ በአጥሩ ክፍተት ገብቶ አንድ ሽምብራ ከነሥሩ ነቀለ። እናቴ ክንዴን ጨብጣ "ዝም በይ" አለችኝ።

"ይሄ ደርቆ የማንን ጥርስ ሊሰብር ነው?" አሉ እትዬ ከአጥሩ ወዲያ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው።

"ለጋ ሳለ ማን ከለከለሽ?" አለች እናቴ።

ጭራሮው እንደገና ተንኮሻኮሸ።

"ወላሂ ዶሮዋ አንጀቴን በልታኝ ነው።"

"አውቃለሁ። አፉ በይኝ።"

"አፉ ይበለን። ቆይ ልምጣ፣ ጤዛው ሳይነሣብሽ እንንቀለው።"

ዞረው በበር መጡና ጎን ለጎን አጎንብሰው ነቀሉ። ወዲያው መጨቃጨቅ ጀመሩ፤ አንዷ በጣም ትጎትቺዋለሽ ስትል ሌላዋ እጄ ተቃጠለ ትላለች። ጭቅጭቁን ስሰማ ደስ አለኝ ብል ያንስብኛል።

አሁን ሁለቱም የሉም። ጓሮው ላይ ቤት ተሠርቶበታል፣ በጭራሮው ቦታም የብሎኬት ግንብ ቆሟል። ያን የነቀላ ዕለት ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ ማንንም ሳልጠይቅ በቀጥታ እትዬ ቤት ገባሁ። ሲመሻሽ እናቴ በአጥሩ በኩል ስሜን ጠራች።

"እዚህ ናት" አሉ እትዬ።



"እንግዲያ እዚያው ትደር።"