ጋሽ ወርቁና የቀለለችው የሚዛን ድንጋይ

በጅግጅጋ ገበያ ሚዛን ሲጠግኑ የኖሩት ጋሽ ወርቁ ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ያልሰማችሁ ወዳጆቻቸው ካላችሁ መርዶውን ከእኔ፣ ከጎረቤታቸው ከስኳር ነጋዴዋ ከአልማዝ ስሙ።

ጋሼ አማኝ አልነበሩም። ይህን ደብቀው አያውቁም፤ እኔም ዛሬ ብደብቀው ይቆጡኛል። ነገር ግን በመሣሪያ ሣጥናቸው ውስጥ፣ ከመፍቻውና ከዘይቱ ጋር፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ቅዱስ መጽሐፍ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ ነበር። ስለ ሚዛን የተጻፈባቸው ገጾች በዘይት ጣታቸው ጠቁረዋል። «ስለ ሰማዩ የማውቀው የለኝም፤ ስለ ሚዛን የተናገሩት ግን ልክ ነው» ይሉ ነበር።

የ2010ሩ ረብሻ አልፎ ሱቄን እንደገና በከፈትኩ ሰሞን ሚዛኔን ጠገኑልኝ። በሳምንቱ እያለከለኩ መጡ። ሚዛን የሚያስተካክሉባት የኪሎ ድንጋይ ለካ ተበልታ ቀልላ ኖሯል! በእርሷ ያስተካከሉት የእኔ ሚዛንም ሳምንቱን ሙሉ በገዢዎቼ ላይ ሲያጎድል ከርሟል።

«ለገዙት ሁሉ እንንገራቸው» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ አብደዋል እንዴ? ሰው ገና እያመነኝ ነው። ሌባ ተብዬ ከዚህ ከተማ ልውጣልዎት? ደግሞስ ማን አየ?»

ጋሼ ማዶ የተቀመጡትን ኤዶ ሆዳንን በአገጫቸው አመለከቱኝ፤ በሶማልኛ «ኤዶ»፣ አክስቴ እንደማለት፣ የምንላቸው፣ ከሀርሺን ወተት አምጥተው ሲሸጡ ስኳር ከእኔ ገዝተው የሚመለሱ ደንበኛዬ ናቸው። «አንቺ እግዜር ያያል ብለሽ ታምኛለሽ፤ ግን አትፈሪውም። እኔ አላምንም፤ እኚህ ሴትዮ ግን ይታዩኛል» አሉኝ።

አፈርኩ። በማግስቱ ሚዛኔን በትክክለኛ ድንጋይ አስተካክለው፣ በርጩማቸውን አምጥተው ሱቄ በር ላይ ተቀመጡ። ለመጣው ሁሉ በአማርኛም በተሰባበረ ሶማልኛም «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልማዝ አታውቅም» ይላሉ፤ እኔ የጎደለውን እሞላለሁ። ኤዶ ሆዳን የተጨመረላቸውን ስኳር ተቀብለው ጋሼን ትኩር ብለው አዩዋቸው።

«ወላሂ፣ አንተ ሽማግሌ ጀነት ትገባለህ!»

«ካለ፣ ቦታ ይያዙልኝ ኤዶ!»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሌባ ያለኝ የለም፤ እንዲያውም ኤዶ ሆዳን በሌላው ሳምንት ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ይዘውልኝ መጡ። ጋሼ ግን አላረፉም፤ ቀብሪበያ ድረስ በሚኒባስ እየተመላለሱ በዚያች ድንጋይ የነኩትን ሚዛን ሁሉ አስተካከሉ።

በቀብራቸው ዕለት ኤዶ ሆዳን እንባዬን በሻርፓቸው እየጠረጉ «ቦታውን አልረሳሁም» አሉኝ።

ጋሼ፣ ያችን የቀለለች ድንጋይ «ማስታወሻ ትሁንሽ» ብለው ሰጥተውኝ ነበር፤ ዛሬም ሚዛኔ አጠገብ አለች። በጣም ናፍቀውኛል። እርስዎ እንደሚሉት ከሆነ ከእንግዲህ አያዩኝም፤ እኔ እንደማምነው ከሆነ ያዩኛል። ቢያዩኝም ባያዩኝም ሚዛኔ ልክ ነው። ደህና ይሁኑ።