ሦስት ቦታ የተሳለው ሰው

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ በምሠራበት የላፍቶ ፋብሪካ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጠን ቦይለር ፈንድቶ ኦፕሬተሩን ገደለው። የጥገና ክፍል መሐንዲስ ነበርኩና የአደጋውን መንስኤ የሚያሳይ ሥዕል እንድሠራ ታዘዝኩ። የተገለበጠ ዛፍ በሉት፤ አናቱ ላይ ፍንዳታው ይጻፋል፣ ከዚያ «ለምን?» እየተባለ ወደ ታች ይወረዳል። ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ ወረቀቱ መካኒሳ አቦ የተከራየሁትን ቤት ወለል ሞላው። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ዓይኔን ስከድን የሞተው ልጅ ወረቀቱ ላይ ተጋድሞ ይታየኛል።

ሥራ አስኪያጁ ሥዕሉን አይቶ ሳቀ። ይሄን አንሶላ ማን ይጠርዘዋል፣ ቆራርጠህ በገጽ በገጽ አድርገው አለኝ። ደሜ ፈላ፤ ግን እውነቱን ነው። ቦይለሩ የፈነዳው ውሃ አንሶት ስለነበር፣ ዛፉን ውሃው ባነሰባቸው መንገዶች ለሦስት ከፈልኩት፦ አንዱ ገጽ ፓምፑ መቆሙን፣ አንዱ ቧንቧው ማፍሰሱን፣ አንዱ የከተማው ውሃ መቋረጡን ይዞ ወረደ። ቅርንጫፍ ወደ ሌላ ገጽ ሲሻገር ትንሽ ሦስት ማዕዘን ስዬ ቁጥር እሰጠዋለሁ። የሦስቱም መጨረሻ ግን አንድ ነው፤ ኦፕሬተሩ ውሃው መቀነሱን አላየም። ይህችን በክብ ውስጥ አድርጌ በሦስቱም ገጽ በቀይ እርሳስ ደጋገምኳት።

የሟቹ እናት አቦ ተሳልመው ሲመለሱ ቤቴ ጎራ አሉ። ሰፈሩ «ሥራ ላይ ተኝቶ ነው» እያለ ልጃቸውን ማማት ጀምሯል፤ ሥዕሉ የሚቀርብለት አጣሪ ኮሚቴም እንደዚያ እንዳይል ፈርተዋል። ገጾቹን ዘረጋሁላቸው። ማንበብ ባይችሉም ቀዩ ክብ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እሱ ነው አልኳቸው። ሁለተኛው ገጽ ላይም ያንኑ ጠየቁ፣ ሦስተኛውም ላይ።

«ስንቴ ነው የምትገድሉት?» አሉኝ።

እውነትም ኮሚቴው ገጽ በገለጠ ቁጥር ያንኑ ሰው ሲያጠፋ ሊያገኘው ነው። ክቦቹን አጥፍቼ በሦስት ማዕዘን ተካሁና ሁሉንም ወደ አንድ አራተኛ ገጽ መራኋቸው። እዚያ እሱ ብቻውን አናት ላይ ወጣ፤ ከሥሩ ባዶ ቦታ ተረፈ። በትልቁ ወረቀት ላይ እኮ እሱ ጋ ስደርስ ወረቀቱ አልቆብኝ ነበር! ለምን አላየም? የውሃውን መጠን የሚያሳየው መስታወት ጠቁሮ ነበር። ለምን አልተቀየረም? እሱስ ደጋግሞ አመልክቷል፣ ሰሚ አላገኘም እንጂ።

ኮሚቴው አራተኛው ገጽ ላይ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ጥፋቱ የሟቹ አይደለም ብሎ ወሰነ። ለእናቱ ልነግራቸው በሩጫ ነው የሄድኩት።

አላለቀሱም። የመስታወቱን ነገር ደግመው አስነገሩኝ።

«እንግዲያ ምንም አላወቀም» አሉ። «ሳይፈራ ነው የሞተልኝ።»

የፍንዳታው ዕለት ሬሳውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጁ የነዳጁን መዝጊያ ጨብጦ ነበር፤ እስከ ግማሽ ድረስ ዘግቶታል። ውሃውን ባያይም ምድጃው ሲያጓራ ሰምቶ፣ አውቆ፣ እየታገለ ነው የሞተው።

«አዎ እማማ፣ አላወቀም» አልኳቸው።

እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ። በዚያው እጅ ነበር የልጃቸውን ጣቶች ከመዝጊያው ላይ አንድ በአንድ ያላቀቅኩት።