ከይርገዱ ጋር የተለዋወጥነው ጭምብል

ይህን ሳወራ እስካሁን አፍራለሁ። በደርግ ጊዜ ለደባርቅ ቀበሌ የኪነት ቡድን ከቅልና ከፍየል ቆዳ የጭራቅ ጭምብል እሠራ ነበር። ዳባት ገበያ ከምትውለው ሸክላ ሠሪ ከይርገዱ ጋር የእጃችንን ሥራ እንለዋወጣለን፤ እኔ ጭምብል፣ እሷ የሸክላ አንበሳ። አንድ ቀን ግማሹ ሰው፣ ግማሹ ጅብ የሆነ ጭምብል ሰጠኋት።

«የዛሬው ጭራቅህ ደግሞ ምን ይባላል፣ ወንድሜ?»

«ቡዳ ነዋ» አልኳት እየሳቅሁ።

የአገሬ ሰው ሸክላ ሠሪዎችን ቡዳ ናቸው፣ ጅብ ይሆናሉ እያለ እንደሚያማቸው ትዝ ያለኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሷ ጭምብሉን በነጠላዋ ጠቅልላ ሄደች።

በሳምንቱ የእኔን ድርሻ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ መጣች።

«አንተ የሚያስፈራህን ሠራህ፤ እኔም የሚያስፈራኝን ሠራሁ» አለችኝ።

ጨርቁን ገለጥኩት። ከሸክላ የተሠራ የራሴ ፊት ነው፤ ይስቃል።